የሚስተር ትራምፕ ፖሊቲካ ሩስያን በውነት ጠቅሟልን?

ርእሰ አንቀጽ

ሰሞኑን በምግብ አዳራሻችንም ሆነ በመኝታ ክፍሎቻችን የማይበርድ አንድ ክርክር አለ። አንደኛው ወገን፥ «የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የሚሠሩት ሁሉ ለሞስኮ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ «ሩስያን እንደ እርሳቸው ያስጨነቀ ፕሬዚዳንት የለም» ብሎ ይመልሳል። ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ ድምፅ ከፍ ይላል፤ በመጨረሻም ሁሉም እንደ መጣ ይለያያል። እኛም ይህን ክርክር ከሩቅ ሆነን የምንሰማ አይደለንም፤ ከመካከላችን ያንዱን ወይም የሌላውን ወገን ይዞ ያልጮኸ የለም። ነገር ግን አንድ ነገር አሳፍሮናል። ይኸውም ተከራካሪው ሁሉ ለሰውየው ያለውን ፍቅር ወይም ጥላቻ ሲገልጽ እንጂ፥ የተሠራውን ሥራ ከነቀኑ ሲቈጥር አለመሰማቱ ነው። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጦ ስለ አገሩ የውጭ ጉዳይ ሐሳብ የሚያቀርበው ይኸው ተማሪ ነውና፥ በዚህ ዐይነት መፍረድን ከአሁኑ ቢለምድ ጉዳቱ በእርሱ ብቻ አይቀርም።

ስለዚህ በዚህ እትም፥ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፥ መዝገቡን ገልጠን ለማየት ወስነናል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። እነዚህም የመሪው ሐሳብ፥ የመሪው ቃልና የሥራው ውጤት ናቸው። የመሪን ሐሳብ ከልቡ ገብቶ ያየ የለም። በ2019 የወጣው የልዩ መርማሪው የሮበርት ሙለር ሪፖርት፥ ሩስያ በ2016ቱ የአሜሪካ ምርጫ በሰፊውና በተደራጀ መንገድ እጇን ማስገባቷን ገልጿል፤ የሚስተር ትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ሰዎች ከሩስያ መንግሥት ጋር አድመው እንደ ነበረ ግን ምርመራው አላረጋገጠም። ሁለት ዓመት ገደማ የፈጀ ምርመራ ያላረጋገጠውን እኛ በሻይ ጠረጴዛ ላይ እናረጋግጣለን ማለት ትዕቢት ነው። ቃልም ቢሆን ብቻውን ሚዛን አይሆንም፤ የሚስተር ትራምፕ ቃል ዛሬ ያለውን ነገ ሲያፈርስ ብዙ ጊዜ ታይቷል። እንግዲህ የሚቀረው ውጤቱ ነው። ጥያቄያችንም «ሰውየው ማንን ይወዳሉ?» ሳይሆን፥ «ከሥራቸው በኋላ ሩስያ ምን አገኘች፥ ምንስ አጣች?» የሚል ነው። ሩስያ ስንልም የሞስኮን መንግሥት ማለታችን ነው እንጂ፥ በጦርነቱ ልጆቹን የሚቀብረውን የሩስያን ሕዝብ ማለታችን አይደለም።

የመሪ ሐሳብና የሥራው ውጤት ሊለያዩ እንደሚችሉ ለማወቅ ኢትዮጵያዊ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ሚስተር ካርተር በጃንዩዋሪ 1977 ሥልጣን እንደ ያዙ፥ መንግሥታቸው በፌብሩዋሪ ወር በሰብአዊ መብት ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ወታደራዊ ርዳታ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ደርግም በኤፕሪል በአሥመራ የነበረውን የቃኘውን ጣቢያና ሌሎች የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶችን ዘጋ። በሜይ ኮሎኔል መንግሥቱ ወደ ሞስኮ ሄዱ። በዚያው ዓመት ሶማልያ ኦጋዴንን በወረረች ጊዜ፥ ሶቪየት ኅብረት አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት የጦር መሣሪያ አመጣች፤ ከአሥር ሺህ የሚበልጡ የኩባ ወታደሮችም ተከተሉ። ሚስተር ካርተር ሞስኮን ለመጥቀም አስበው ነበር የሚል ማንም የለም። ነገሩን ሁሉ በእርሳቸው ላይ መጫንም አይገባም፤ ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የጦር መሣሪያ ውል የተዋዋለው እርሳቸው ሥልጣን ሳይዙ በዲሴምበር 1976 ነበርና። ሆኖም አሜሪካ የለቀቀችውን ስፍራ ሞስኮ ያዘችው። ዋጋውን የከፈለው ግን ዋሽንግተንም አልነበረም፥ ሞስኮም አልነበረም፤ የኛ ሕዝብ ነበር።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። አንድ ፖሊቲካ ባላጋራን የሚጠቅመው ባላጋራውን ስለ ወደደ ብቻ አይደለም፤ ባዶ ስፍራ ሲተውለትም ይጠቅመዋል። አሁን ይህን ይዘን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ።

በሚስተር ትራምፕ የመጀመሪያ ዘመን፥ ማለት ከ2017 እስከ 2021 ባለው ጊዜ፥ ሩስያን የጐዳው ሥራ ጥቂት አይደለም። በኦገስት 2017 በሩስያ ላይ ማዕቀብ የሚያጠነክር ሕግ ፈረሙ። በማርች 2018 በእንግሊዝ አገር በሳልዝበሪ ከተማ ከደረሰው የመርዝ አደጋ በኋላ 60 የሩስያ ዲፕሎማቶችን አባረሩ፤ በሲያትል የነበረውንም የሩስያ ቆንስላ ዘጉ። በዚያው ዓመት ዩክሬን 210 ጃቭሊን የተባሉ ፀረ ታንክ ሚሳይሎች እንድትገዛ ተፈቀደላት፤ ይህም ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ፕሬዚዳንት ኦባማ እምቢ ያሉት ነገር ነበር። በዲሴምበር 2019 ደግሞ የሩስያን ጋዝ በባሕር ሥር ወደ ጀርመን የሚወስደውን የኖርድ ስትሪም ሁለት ቧንቧ በሚዘረጉት ኩባንያዎች ላይ ማዕቀብ የሚጥለውን ሕግ ሲፈርሙ፥ የቧንቧው ሥራ ቆመ። «ሩስያን ያስጨነቀ የለም» የሚለው ወገን ይህን ሁሉ ቢቈጥር እውነት አለው።

ነገር ግን የማዕቀቡን ሕግ ታሪክ ማንበብ ይገባዋል። ሕጉ በሴኔቱ 98 ለ2፥ በተወካዮች ምክር ቤትም 419 ለ3 በሆነ ድምፅ ያለፈ ስለ ነበረ፥ ፕሬዚዳንቱ ቢመልሱትም ኖሮ ምክር ቤቱ ሊሽራቸው ይችል ነበር። እርሳቸውም የፈረሙት ጉድለት አለበት እያሉ ነው። ይህም ማለት በመጀመሪያው ዘመን ከታየው ጥብቅነት ከፊሉ የሰውየው ሳይሆን የምክር ቤቱ ነበር።

በሌላው ገጽ ምን ተጽፏል? በጁላይ 2018 በሄልሲንኪ ከሚስተር ፑቲን ጐን ቆመው፥ ስለ ምርጫው ጣልቃ ገብነት የራሳቸው የስለላ መሥሪያ ቤቶች የደረሱበትን በአደባባይ ተጠራጠሩ። በ2019 ለዩክሬን ተፈቅዶ የነበረ 391 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ወታደራዊ ርዳታ ያዙ፤ በዚህም ምክንያት በተወካዮች ምክር ቤት ተከሰሱ፥ በሴኔቱም ነፃ ወጡ። በኦክቶበር 2019 ከሰሜን ምሥራቅ ሶርያ ወታደሮቻቸውን ከድንበሩ ሲያነሡ፥ ሚስተር ፑቲንና የቱርኩ ፕሬዚዳንት በሶቺ ተገናኝተው ስፍራውን ተከፋፈሉት፤ የሩስያ ወታደራዊ ፖሊስም በዚያ ይዞር ጀመር። ቃኘውን ለሚያስታውስ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እንግዲህ የመጀመሪያው ዘመን ሒሳብ የተደባለቀ ነው፤ በመሣሪያና በማዕቀብ ሩስያ ከስራለች፥ በቃልና በባዶ ስፍራ ግን አትርፋለች።

ሁለተኛው ዘመን ከዚህ የከበደ ነው። ምክንያቱም ሩስያ በፌብሩዋሪ 2022 ዩክሬንን ከወረረች በኋላ፥ ቀድሞ የንግግር ጉዳይ የነበረው ሁሉ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆኗል። የ2025ን መጀመሪያ ቀን በቀን እንከተለው። በፌብሩዋሪ 12 ቀን ሚስተር ትራምፕ ከሚስተር ፑቲን ጋር በስልክ ተነጋገሩ። በዚያው ዕለት የመከላከያ ሚኒስትራቸው ብራስልስ ላይ፥ ዩክሬን ወደ 2014 በፊት ድንበሯ መመለሷም ኔቶ መግባቷም የሚጠበቅ አለመሆኑን ተናገሩ፤ ድርድሩ ሳይጀመር ዋናው የመደራደሪያ ነገር ከጠረጴዛው ተነሣ ማለት ነው። በ18 ቀን የአሜሪካና የሩስያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች በሪያድ ሲቀመጡ ዩክሬን አልነበረችም። በ24 ቀን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የዩክሬንን የግዛት አንድነት የሚደግፍ ውሳኔ በ93 ድምፅ ሲያሳልፍ፥ ከተቃወሙት 18 መንግሥታት ከሩስያና ከሰሜን ኮርያ ጋር አሜሪካ ተቈጠረች። በ28 ቀን ፕሬዚዳንት ዘለንስኪ በዋይት ሐውስ በካሜራ ፊት ተዘለፉ። በማርች መጀመሪያ የጦር መሣሪያው ርዳታ ቆመ፥ ቀጥሎም የስለላው መረጃ። ሁለቱም የተመለሱት በማርች 11 ቀን በጂዳ ዩክሬን የተኩስ ማቆም ሐሳብ ከተቀበለች በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ሩስያ ያገኘችው አንድ ጥይት ሳትተኩስበት፥ አንድ ሩብልም ሳትከፍልበት ነው። በኦገስት 15 ቀን ደግሞ በአላስካ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ውስጥ ለሚስተር ፑቲን ቀይ ምንጣፍ ተነጠፈላቸው። እርሳቸው ከማርች 2023 ጀምሮ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የመያዣ ትእዛዝ ያወጣባቸው ሰው ናቸው። ከስብሰባው በፊት ሚስተር ትራምፕ የተኩስ ማቆም ይፈልጉ ነበር፤ ከስብሰባው ሲወጡ ግን የተኩስ ማቆም ቀርቶ በቀጥታ ወደ ሰላም ውል መሄድ ይሻላል አሉ። ይህም የሞስኮ ሐሳብ ነበር።

ሆኖም የሚዛኑን ሌላ ወገን መደበቅ አንፈልግም። በኤፕሪል 2025 ሚስተር ትራምፕ በዓለም ሁሉ ላይ ቀረጥ ሲጥሉ የሩስያ ስም በዝርዝሩ አልነበረም። ብዙዎቻችን ይህን ሰምተን «ይኸው!» ብለን ነበር። ነገር ግን ከሩስያ ጋር የቀረው ንግድ በ2024 3.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ስለ ነበረ፥ ከዝርዝሩ መቅረቷ ያተረፈላት ብዙ አይደለም። ይልቁንም ቀረጡ የዓለምን ንግድ ስላስፈራ የነዳጅ ዘይት ዋጋ ወደቀ፤ የሩስያ ገንዘብ ሚኒስቴርም ለዓመቱ በጀት በበርሜል 69.7 ዶላር ብሎ የገመተውን ወደ 56 ዶላር ለማውረድ ተገደደ። በኦገስት ወር ሕንድ የሩስያን ዘይት በመግዛቷ ምክንያት ተጨማሪ 25 በመቶ ቀረጥ ተጣለባት። በኦክቶበር 22 ቀን 2025 ደግሞ ሮስኔፍትና ሉክ ኦይል የተባሉት ሁለቱ ታላላቅ የሩስያ የዘይት ኩባንያዎች በማዕቀብ ተያዙ። ይህ ከፍተኛ ምት ነው፤ የሩስያ መንግሥት ጦሩን ከሚከፍልባቸው ታላላቅ የገቢ ምንጮች አንዱ ዘይትና ጋዝ ነውና።

አውሮጳም አለች። «አሜሪካ ልትተወን ትችላለች» የሚለው ፍርሃት አውሮጳውያንን ከእንቅልፋቸው ቀስቅሷል። ጀርመን በማርች 2025 ለመከላከያ ብላ የብድር ገደብ የሚያደርገውን ሕገ መንግሥቷን አሻሻለች፤ የኔቶ አባሎችም በጁን 2025 በሄግ ተሰብስበው እስከ 2035 ድረስ ከአገራቸው ጠቅላላ ገቢ 5 በመቶውን ለመከላከያና ከመከላከያ ጋር ለተያያዘ ሥራ ለማዋል ቃል ገቡ። ሞስኮ ከጐረቤቷ የታጠቀች አውሮጳን አልተመኘችም። ስለዚህ «ሁሉ ነገር ለሞስኮ ነው» የሚለው ወገን ይህን ሳይቈጥር ቢፈርድ ያበላል።

ታዲያ የመጨረሻው ሒሳብ ወዴት ያደላል? በኛ አስተያየት መልሱ ያለው በቍጥሩ ብዛት ሳይሆን በነገሩ ዐይነት ነው። ሩስያ ያጣችው ሊመለስ የሚችል ነገር ነው፤ የዘይት ዋጋ ይወርዳል፥ ይወጣል፤ ማዕቀብም ይጣላል፥ ይነሣል። ያገኘችው ግን በገንዘብ የማይገዛ ነገር ነው፤ ይኸውም የአሜሪካ ቃል አጠራጣሪ መሆን ነው። በ1994 ዩክሬን በግዛቷ የነበረውን የኑክሌር መሣሪያ ስታስረክብ፥ አሜሪካ፥ እንግሊዝና ሩስያ ድንበሯን ሊያከብሩ በቡዳፔስት ፈርመው ነበር። አንደኛው ፈራሚ ወረራት፤ ሌላው ፈራሚ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በጉባኤ ከወራሪው ጋር ድምፅ ሰጠ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የኔቶ አጥር በኮንክሪት የተሠራ አይደለም፤ «አንዱ ቢነካ ሁላችን እንነሣለን» በሚለው ቃል የተሠራ ነው። ያን ቃል የሚያጠራጥር ሁሉ፥ ይህን አስቦ ቢያደርገውም ሳያስብ ቢያደርገው፥ ለሚነቀንቀው ሰው እጅ ይሰጣል። ሕንድን እንኳ ብንመለከት፥ ቀረጡ የተጣለው ሩስያን ለመጉዳት ነው ቢባልም፥ ቀረጡ ሥራ ላይ በዋለ በቀናት ውስጥ የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር በቻይና ከሚስተር ፑቲንና ከሚስተር ሺ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ታዩ።

አንዳንድ ወንድሞቻችን፥ «ከጠላት ጋር መነጋገር እርሱን መጥቀም ነውን? ጦርነቱ ያለ ድርድር እንዴት ይቆማል?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ድርድርን አንነቅፍም፤ በየቀኑ ሰው የሚሞትበት ጦርነት ባለበት ሰላም የሚፈልግን ሰው መስደብ ኀጢአት ነው። የምንነቅፈው ባለቤቱ የሌለበትን ድርድር ነው። በኖቬምበር 2025 ይፋ የወጣው 28 ነጥቦች ያሉት የሰላም ረቂቅ፥ ዩክሬን በጦር ያልተወሰደባትን የዶንባስን ክፍል ጭምር እንድትለቅ፥ የሠራዊቷንም ቍጥር በ600 ሺህ እንድትወስን የሚጠይቅ ነበር። ረቂቁ በኋላ በጄኔቫ ንግግር ተሻሻለ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ገጽ በማን ወገን አሳብ እንደ ተጻፈ ለማንም ግልጽ ነው።

ይህን ነገር ኢትዮጵያዊ ያውቀዋል። በዲሴምበር 1935 የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ፓሪስ ላይ ተቀምጠው፥ ከኢትዮጵያ ሰፊ መሬት ቈርሰው ለሙሶሊኒ ለመስጠት ተስማሙ። ኢትዮጵያን የጠየቃት አልነበረም። እነርሱም ኢጣልያን እንወዳለን አላሉም፤ ጦርነቱን ለማቆምና ሙሶሊኒን ከሂትለር ለመለየት ነው አሉ። ስምምነቱ በጋዜጣ ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ስለ ተቈጣ ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፥ ወረቀቱም ተቀደደ። ጉዳቱ ግን አልተቀደደም። የመንግሥታት ማኅበር ቃል ዋጋ እንደሌለው ወራሪው ተረድቷልና፥ በሜይ 1936 አዲስ አበባ ገባ፤ ሙሶሊኒም ከሂትለር አልተለየም። እንግዲህ ስለ ዩክሬን ስንጽፍ ስለ ሩቅ አገር ብቻ የምንጽፍ የሚመስለው ሰው የአያቶቹን ታሪክ ያልጠየቀ ነው።

ስለ ባዶ ስፍራም አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። በማርች 2025 ሚስተር ትራምፕ ባወጡት ትእዛዝ የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ከ1,300 የሚበልጡ ሠራተኞች ከሥራ እንዲርቁ ተደረገ። ይህ ጣቢያ ከ1947 ጀምሮ በሩስኛ፥ ከ1982 ጀምሮም በአማርኛ ሲናገር የኖረ ነው። ወላጆቻችን ማታ ማታ ጆሯቸውን ከሬዲዮው አጣብቀው፥ ድምፁን ዝቅ አድርገው የሰሙት እርሱን ነበር። በፌብሩዋሪ 2025፥ ማለት ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፥ ስፑትኒክ የተባለው የሩስያ መንግሥት የዜና ድርጅት በአዲስ አበባ ማእከሉን ከፍቶ ነበር። የአሜሪካ ድምፅ የአሜሪካ መንግሥት ነበር፤ ያለ ጉድለት ነበር አንልም። ነገር ግን ሁለት ድምፅ ሰምቶ ማመዛዘን የለመደ ጆሮ አንዱ ሲዘጋበት፥ የቀረው ድምፅ እውነት መስሎ ይታየዋል። የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት በጁላይ 2025 ሥራውን ሲያቆም በጤናና በምግብ ርዳታ የተተወው ስፍራም እንዲሁ ነው፤ ሩስያ ያን የሚያህል ገንዘብ የላትም፥ የተከፋ ሕዝብ ግን ያለ ገንዘብ ይገኛል።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። የሚስተር ትራምፕ ፖሊቲካ የሩስያን ኪስ አላደለበም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ አራቁቶታል። የሩስያን ጉልበት ግን ጠቅሟል፤ ወራሪውን ከተወረረው ጋር እኩል አስቀምጧል፥ የወዳጆችን መተማመን አላልቷል፥ ባዶ ስፍራም ትቷል። ይህ ጥቅም ለሞስኮም ቢሆን የጸና አይደለም፤ በአንድ ሰው ስሜት የተሰጠ በአንድ ሰው ስሜት ይወሰዳልና፥ የአላስካው ምንጣፍ ከተጠቀለለ ከሁለት ወር ከጥቂት ቀን በኋላ የዘይቱ ማዕቀብ መጥቷል። ነገር ግን በዚህ መወዛወዝ መካከል የሚደቀው ትንሹ ነው። ዝሆኖች ሲጣሉም ሣሩ ይጐዳል፤ ዝሆኖች ሲታረቁም ሣሩ ይጐዳል።

ታዲያ ለእኛ ለተማሪዎቹ የሚቀረን ምንድር ነው? የዋሽንግተን ወይም የሞስኮ ደጋፊ ሆነን በምግብ አዳራሽ መጮኽ አይደለም። የትንሽ አገር ጋሻው የታላላቆች ፍቅር ሳይሆን ሕግ መሆኑን ማወቅ ነው፤ ሕጉም ለዩክሬን ሲጣስ ዝም ያለ፥ ለራሱ ሲጣስበት የሚጮኽበት አፍ አይኖረውም። አገራችን ቃሏ የሚታመን፥ ቤቷ በውስጥ የጠነከረ፥ ማንም በሌለችበት የማይቈርሳት እንድትሆን መሥራት ነው። ለዚህም የመጀመሪያው ሥራ ትንሽ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሻይ ሲቀርብና ክርክሩ ሲነሣ፥ እያንዳንዳችን ከመጮኻችን በፊት አንድ ቀንና አንድ የተሠራ ሥራ እንጥቀስ። ያን የለመደ ትውልድ በቀላሉ አይታለልም።